የሔራን ሽማግሌዎች

መሪጌታ ኪዳነወልድ ልጃቸው ሔራን ለሥራ የምትጠየቅበትን ቀን ሲሰሙ መጀመሪያ ያነሱት ደመወዙን አልነበረም።

«ማን አብሮሽ ይገባል?» አሉ።

«ማንም። ብቻዬን ነው፣ አባባ።»

መሪጌታ ጢማቸውን ያሻሹ ጀመር። ይህን ልማዳቸውን የምታውቀው ሚስታቸው አማረች ምስር እየለቀመች ቀና አለች።

«አንቱ ደግሞ ነገር እያሰቡ ነው» አለች።

ሔራን አብራሪ ናት። አንኮበር ይህን እስኪለምድ ጊዜ ወስዶበታል። ሦስት ዓመት ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ይዛ ወደ ቆላው መድኃኒት ስታመላልስ ቆየች። ከዚያ የቀጠራት ድርጅት ተዘጋ፤ ከተዘጋ ወዲህ ቤት ናት። ጠዋት እናቷን ታግዛለች። ከሰዓት በኋላ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጣ ከታች የሚወጣውን ጉም ታያለች። መሪጌታ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ያዩዋታል፤ ምንም ሳይሏት ያልፋሉ። ሰማይ የለመደ ሰው መሬት ላይ ሲውል ማየት ያማል።

አሁን የጠራት የግል ጄት የሚያከራይ ድርጅት ነው። ለአባቷ እንዲህ ስትል አስረዳች፦

«ባጃጅ ኮንትራት ይያዝ የለ? እንደዚያው ነው። ባለጸጋው አውሮፕላኑን ለብቻው ኮንትራት ይይዘዋል።»

«ሳይሞላም ይነሳል?»

«አንድ ሰው ብቻ ይዞም ይነሳል።»

«ጉድ ነው» አሉ መሪጌታ። የደብረ ብርሃን ሚኒባስ ሳይሞላ ሲነሳ አይተው አያውቁም።

የድርጅቱ ዋና አብራሪ ካፒቴን ሠረቀብርሃን ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ባለ ፋብሪካዎች ጋር ሊነጋገር ሐሙስ ደብረ ብርሃን ይውላል። የዚያው አገር ልጅ መሆኗን ሲሰማ፣ አዲስ አበባ ድረስ አትልፊ፣ ጠዋት ያረፍኩበት ሆቴል እንገናኝ ብሏታል።

መሪጌታ በዕድሜያቸው ብቻውን ሄዶ የቀናው ሰው አላዩም። ሚስት ሲፈለግ ሽማግሌ ይላካል። የተጣላ ሲታረቅ ሽማግሌ ይቀመጣል። እሳቸው ራሳቸው መሪጌታ ሲሆኑ አንድ አረጋዊ ቄስ በደብሩ ፊት ቆመው «ለዚህ ልጅ እኔ አለሁ» ብለውላቸዋል። ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው። ታዲያ ሔራን ወገን እንደሌላት ሆና ባዕድ ፊት ልትቀርብ ነው። ይህ አልዋጥላቸው አለ።

ሐሙስ ማለዳ ሔራን በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄደች። በሁለተኛው መሪጌታ ተከተሉ፤ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘዋል። አባ ወልደተንሣኤ የደብሩ ቄስ ናቸው፤ ከአፋቸው ቃል በብዙ አይወጣም። አቶ ብርሃነ መስቀል ገበሬ ናቸው፤ ለሽምግልና የሚፈለጉት ለአንደበታቸው ነው።

«እኔን ያልገባኝ» አሉ አቶ ብርሃነ መስቀል ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው፣ «ሽማግሌ የሚልክ የወንድ ወገን ነው። የሴት ወገን ልጃችንን ውሰዱልን ብሎ ሲልክ የት አገር ታየ? ሰው ቢሰማ ቆማ ቀረችባቸው ይለናል።»

«ሥራ ነው እንጂ ትዳር ነው እንዴ?»

«ሥራ ከሆነ ሽማግሌ ምን ይሠራል?»

መሪጌታ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «በርዶሃል፤ ዝም ብለህ ተሸፈን» አሉ።

የተስማሙት ጥያቄው ሲያልቅ ሊገቡ ነበር። የሆቴሉ ሳሎን በር ወደ በረንዳው ተከፍቷል። ሦስቱም ከበሩ ጎን ቆሙ። ለገዛ ልጅ ሽማግሌ መሆን ነውር ነውና መሪጌታ ከሁለቱ ኋላ ሆኑ። በአባ ትከሻ ላይ ሔራን ትታያቸዋለች። ነጭ ሸሚዝ ለብሳ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።

«የበረራ መዝገብሽን ሁሉ አይቻለሁ» ይላል ካፒቴኑ። «አሁን የማላውቀውን ንገሪኝ። ተሳፋሪሽ ትልቅ ሰው ነው። በዕድሜው እምቢ ያለው የለም። ጉም ወርዷል፤ መነሳት አይቻልም። እሱ ግን ተነሺ ይልሻል። ምን ታደርጊያለሽ?»

«አልነሳም። ደንቡን አስረዳዋለሁ።»

«ደንብማ ማንም ያስረዳል። ሰውየው ይቆጣና ሁለተኛ አይመጣም፤ የእኛ እንጀራ ደግሞ እሱ ነው። ሳትነሺለትም ሳታስቀይሚውም እንዴት ትመልሺዋለሽ?»

ሔራን ጣቶቿን አቆላለፈች። መሪጌታ ይህን ያውቁታል፤ ልጅ ሆና ውዳሴ ማርያም ሲያስደግሟት ቃል ሲጠፋባት እንዲህ ታደርግ ነበር። ያን ጊዜ ቀጣዩን ቃል ያቀብሏታል። ዛሬ የሚያቀብሉት ቃል የላቸውም፤ ሽማግሌ ግን አላቸው። የአባን ጀርባ ገፋ አደረጉ።

«ግቡ!»

«ኧረ ገና ነው» አሉ አቶ ብርሃነ መስቀል።

«ግቡ አልኩ፤ ልጄ ተጨነቀችብኝ!»

ሽማግሌዎቹ ገቡ። «ቤቶች! እንደምን አደራችሁ?»

ካፒቴኑ ብድግ አለ። መስቀሉንና ጋቢውን አይቶ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። «አባቶች፣ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ከሆነ…»

«ኪስዎን ይተዉት። ለበጎ ነገር ነው የመጣነው።»

«እንግዲያው ይቀመጡ።»

«አንቀመጥም። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይመለስለት አይቀመጥም።» አቶ ብርሃነ መስቀል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይህች ልጅ የጨዋ ልጅ ናት። ዘሯን ለሚጠይቅ እንናገራለን። ለጠባይዋ ዋስ ነን። እናንተ ቤት እንድትገባ ልንለምን ቆመናል።»

ካፒቴኑ ሔራንን አየ። ሔራን በሩን አየች። እስከዚያች ደቂቃ መሪጌታ ያልታዩ መስሏቸው ነበር። የልጃቸው ፊት ሲለዋወጥ ያደረጉት ነገር ገባቸው። አዋረድኳት አሉ በልባቸው። ከአፋፉ ላነሳት መጥቼ መልሼ አስቀመጥኳት።

ሔራን ተነሳች። የአባን መስቀል ተሳለመች፤ ለአቶ ብርሃነ መስቀል ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። ከዚያ ወደ በሩ መጥታ የአባቷን እጅ ያዘች።

«አባባ፣ እንኳን መጡልኝ።»

«እኔ እኮ ዝም ስትዪ…»

«አውቃለሁ፤ ለእኔ ብለው ነው። አሁን ግን ይወጣሉ።»

«ሽማግሌ ሳይመለስለት…»

«እኔ እመልስላችኋለሁ። መልሱ አይሆንም ነው። እዚህ ቤት ዋሴ ራሴ ነኝ። በረንዳው ላይ ፀሐይ አለ፤ መንገድ ላይ በርዷችኋል፤ ሻይ አዝዝላችኋለሁ። ስጨርስ አብረን ወደ ቤት እንገባለን።»

ድምጿን ከፍ አላደረገችም። እጃቸውንም አልለቀቀችም። ከትከሻቸው የተንሸራተተውን ጋቢ በሌላው እጇ መለሰችላቸው። መሪጌታ የሚቆጡበት ነገር ፈለጉ፤ አላገኙም። ዞረው ወጡ። ሽማግሌዎቹም ተከተሉ።

ሻዩ መጣ።

«ይህን ሁሉ ዘመን ሸምግያለሁ» አሉ አቶ ብርሃነ መስቀል ስኳር እየጨመሩ። «ሙሽሪት ራሷ ስትመልሰኝ ግን ዛሬ ነው።»

«ዝም በል።»

«ደግሞ አመላለሷ! ቂም እንኳ እንዳልይዝ አድርጋ!»

አባ ወልደተንሣኤ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። መሪጌታ ሻዩን አልነኩም። ከአጥሩ ማዶ ባጃጆች ይመላለሳሉ። ለአማረች ምን እንደሚሏት ያስባሉ። አመሻሽ ላይ ሔራን እንደገና አፋፉ ላይ ተቀምጣ ትታያቸዋለች፤ በዚያ ማለፍ አይችሉም፤ ሌላ መንገድ ደግሞ የለም።

በመጨረሻ ካፒቴኑ ወጣ። ሔራን ከኋላው ናት። ሦስቱ ፊት መጥቶ ቆመ።

«ወንበር ይያዙ» አሉ አቶ ብርሃነ መስቀል።

«አልይዝም። ሥርዓቱን ሔራን ነግራኛለች፤ ጉዳዬ ሳይመለስልኝ አልቀመጥም።» ወደ መሪጌታ ዞረ። «የጠየቅኳትን በቃል አልመለሰችልኝም። በሩ ላይ እርስዎን ስትመልስ ግን አይቻታለሁ። ከእርስዎ የከበደ ተሳፋሪ አይገጥማትም። አዲስ አበባ የማብረር ፈተና ይቀራታል። እሱን ካለፈች እኛ ቤት ትግባ። ልጅዎን ይስጡን።»

መሪጌታ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ብቻዎን?» አሉ አቶ ብርሃነ መስቀል። «ሽማግሌ የለዎትም?»

ካፒቴኑ ግራና ቀኙን አየ። «የለኝም።»

«አዬ! ሰው የሌለው ሰው አውሮፕላን ምን ያደርግለታል?»

አባ ወልደተንሣኤ ከወንበራቸው ተነሱ። ቃል ሳይተነፍሱ ሄደው ከካፒቴኑ ጎን ቆሙ።

መሪጌታ ልጃቸውን አዩ። ጣቶቿን አቆላልፋ ቃላቸውን ትጠብቃለች።

«ተቀመጡ» አሉ።

ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር። አንስተው ጠጡት።