የካሜራው ባለቤት

ዋጋው በሁለት ቀን ውስጥ በግማሽ ወረደ። ማንም አልተከራከረም፣ ማንም አልለመነም። ሰኞ ዕለት "አይቀነስም፣ እሱም አንቺ ስለሆንሽ ነው" ብሎ ፊቱን ያዞረባት ባለሱቅ፣ ረቡዕ ስትመጣ ራሱ ጠርቶ ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላትና በእጇ ያለውን ያህል ጠራላት። ልክ በእጇ ያለውን ያህል! ሌላ ሰው ቢሆን አመስግኖ፣ አንጠልጥሎ ይወጣ ነበር። እሷ ግን ቦርሳዋን ጠበቅ አድርጋ ይዛ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

አይፈረድባትም። የእንጀራ ሥራዋ ውል መጻፍ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንዲት ጠባብ ቢሮ ውስጥ ተቀምጣ የቤት ሽያጭና የውክልና ወረቀት ስትተይብ፣ ሞተዋል የተባሉ ሰዎች በሁለት እግራቸው ቆመው ሲፈርሙ አይታለች። ወንድም ወንድሙን ዓይኑን በጨው አጥቦ ሲክድ ሰምታለች። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲስቅላት ጥርሱን መቁጠር ለመደባት። ታላቅ እህቷ "መርማሪዋ" የሚል ስም አወጣችላት፣ ስሙም ተጣብቆባት ቀረ።

መርማሪዋ ታዲያ ከቢሮ ስትወጣ ፊልም ጸሐፊ ናት። ሦስት ዓመት የደከመችበት ድርሰቷ አጭር ነው፦ ጡረታ የወጣ ሹፌር፣ ቆሞ የቀረ አውቶቡሱ ውስጥ ገብቶ ለባዶ ወንበሮች ፌርማታ እየጠራ አንድ ቀን ይውላል። ተዋናዩ አጎቷ ነው፤ እሱም ሰላሳ አንድ ዓመት የነዳ እውነተኛ ሹፌር ነው። አውቶቡሱም የራሱ የአጎቷ ነበር፤ አሁን ጎማው ወልቆ ከከተማው ዳር አንድ የብረታ ብረት ግቢ ውስጥ በድንጋይ ላይ ቆሟል። የግቢው ባለቤት "አርብ ቀኑን ሙሉ ያንቺ ነው፣ ሲመሽ ግቢው ይዘጋል፣ ቅዳሜ ጠዋት ብረት ቆራጮቹ ይገቡበታል" ብሎ ቁርጡን ነግሯታል። ስለዚህ ካሜራ እስከ ሐሙስ መገኘት አለበት። አርብ ካልተቀረጸ ይህ ፊልም መቼም አይቀረጽም።

ቀራጩ የእህቷ ባል ነው። ቀጭንና እግረ ረጅም ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ ትሪፖድ ይለዋል፤ የሚተዳደረው ሰርግ በመቅረጽ ነው። ይሄ ሰውዬ አንድ ባትሪ ለመግዛት ግማሽ ቀን የሚያገላብጥ፣ የገመድ ጫፍ ሳያሸት የማይገዛ ፍጡር ነው። ሰኞ ዕለት ግን ይሄን ያገለገለ ካሜራ ገና ከበሩ ላይ እንዳየው "ይሄ ነው" አለ።

"ያኛው እኮ አዲስ ነው፣ ጥራቱ ፎር ኬ ነው፣ ያውም ከዚህ ይረክሳል" አለችው መርማሪዋ፣ መስታወቱ ውስጥ የሚያብረቀርቀውን እያሳየችው።

"ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ተዪው። የአውቶቡሱ መስኮት በአቧራ ተደፍኗል። ያኛው ጨለማ ሲያገኘው ምስሉ አሸዋ የተበተነበት ነው የሚመስለው። መብራት እንከራይ ካልሽ ደግሞ ለዚያም አቅም የለንም። ይሄ በክብሪት ብርሃን ያያል።"

"አንተ በምን አወቅህ?"

"አውቃለሁ" አለና ጉሮሮውን ጠረገ። ጉሮሮ መጥረጉን ልብ ብላ ያዘችው።

እንግዲህ ረቡዕ ዋጋው ሲወርድ ይሄ ሁሉ አንድ ላይ ተነሳባት። ባለሱቁንና ዛሬም አብሯት የመጣውን ትሪፖድን በዓይኗ እየመዘነች ካሜራውን መፈተሽ ጀመረች። የሌንሱን ክዳን ዘግታ ጨለማ ቀረጸችና ስክሪኑ ላይ የሚያበራ ነጥብ ፈለገች፤ የለም። ነጭ ወረቀት ቀርጻ የአቧራ ጥላ ፈለገች፤ የለም። ድምፁን በጆሮ ማዳመጫ ሰማች፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ተጫነች። እንከን አልነበረውም፤ እሷን ያሳሰባትም ይሄው ነው። ቀኑና ሰዓቱ ሳይቀር ከዜሮ ተነስቷል። አንድ ሰው ዱካውን ጠርጎ ሄዷል ማለት ነው። ገልብጣ ስታየው ደግሞ ከሆዱ ሥር ስም የተለጠፈበት ቦታ ተልጦ ሙጫው ብቻ ቀርቷል።

"የማን ነበር?" አለች።

"የሰው" አለ ባለሱቁ።

"የሰው መሆኑንማ አውቃለሁ፤ ላም አይቀርጽም።"

"ባለቤቱ ስሙ እንዲነሳ አይፈልግም እህቴ።"

ትሪፖድ ይሄኔ የጣሪያውን አምፖል በጥሞና ያጠና ጀመር። መርማሪዋ አየችው። ባለሱቁ ዞር ሲል ጠብቃ የካሜራውን መለያ ቁጥር በስልኳ ፎቶ አነሳችና "ነገ መጥቼ እወስደዋለሁ" ብላ ወጣች።

የተሰረቀ ዕቃ ነው፤ በዚህ አልተጠራጠረችም። ከሱቁ ሁለት መንገድ ሳትርቅ የከተማው የቪዲዮ ቀራጮች በሙሉ ያሉበት የስልክ ግሩፕ ውስጥ ፎቶውን ለጠፈችውና ከሥሩ "ይህ ቁጥር ያለው ካሜራ ስሙ ተልጦ በርካሽ እየተሸጠ ነው። የጠፋበት ሰው ካለ ይፈልግ" ብላ ጻፈች። የሰው ንብረት በማዳኗ ደስ ብሏት ተኛች።

ሐሙስ ወደ ምሳ ሰዓት ቢሮ ውስጥ ስልኳን ስትከፍት ግሩፑ ይንጫጫል። መጀመሪያ የመለሰው አንድ የካሜራ ጠጋኝ ነበር፦ "ይሄማ የትሪፖድ ነው! አምና ስክሪኑን የቀየርኩለት እኔ ነኝ። ተሰረቀ እንዴ?" ከሱ በታች ሌላው፣ "ትሪፖድ ዕቃውን በድብቅ እየሸጠ ነው?" ከዚያ ደግሞ አንዷ፣ "የወንድሜን ሰርግ ቀብድ ይዟል እኮ፣ ሊጠፋ ነው መሰለኝ!"

መርማሪዋ ግማሽ የተጻፈ የመኪና ሽያጭ ውል ኮምፒውተሩ ላይ ጥላ ተነሳች። እሷ የገባት እንዲህ ነው፦ የገዛ እህቷ ባል፣ ያረጀ ዕቃውን በሰው ሱቅ ደብቆ፣ ስሙን ልጦ፣ ከባለሱቁ ጋር ተመሳጥሮ ሊያሸክማት ነው! እጅ ከፍንጅ ያዝኩት አለች። መንገዱን በምን እንደጨረሰችው አታውቅም፤ ባልና ሚስቱ ምሳ ላይ ሳሉ ደረሰች።

"ካሜራው ያንተ ነው!" አለች በሩ ላይ እንደቆመች፣ ስልኳን ወደ ፊቱ ዘርግታ።

ትሪፖድ አነበበ። እያነበበ ሲሄድ ፊቱ ደም እያጣ ሄደ። ሊቆጣ ነው ብላ ስትጠብቀው ስልኩን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

"አዎ፣ የኔ ነው" አለ።

"ለምን ደበቅከኝ ታዲያ?"

"ብሰጥሽ ትወስጂ ነበር? ባለፈው ማይክ ባዋስኩሽ ጊዜ የርክክብ ሰነድ ጽፈሽ መጣሽ፤ ምስክር ትፈርም ብለሽ ሚስቴን ከማድ ቤት ጠራሻት። ካሜራዬን በነጻ ውሰጂ ብልሽ ከጀርባው ምን አለ ብለሽ ፊልሙን ትተሽ እኔን ነበር የምትመረምሪው። ስለዚህ ባለሱቁን ለመንኩት። በገንዘብሽ የገዛሽው ይመስልሻል፣ ትቀርጪያለሽ፣ ስትጨርሺ በዚያው ገንዘብ መልሶ ካንቺ ይገዛዋል። ለሰርጉ ለጊዜው ትንሿ ካሜራዬ ትበቃኛለች።"

"ሰኞ ታዲያ ለምን ያንን ዋጋ ጠራ?"

"በመጀመሪያው ቀን ከረከሰ ትጠረጥራለች ብዬ ነዋ!"

እህትየው ሹካዋን አስቀመጠች። "በእጅሽ ያለውን የነገርኩት እኔ ነኝ" አለች። "አንቺ ልጅ፣ ሰው ደግ ሲሆንልሽ ለምን ያምሻል?"

መርማሪዋ ለመመለስ አፏን ስትከፍት የትሪፖድ ስልክ ጮኸ። የሙሽራ አባት ነው። ተነስቶ መስኮቱ ጋ ሄዶ "ኧረ አይደለም ጌታዬ... ኧረ የትም አልሄድኩም..." ሲል ይሰማል። እንደዘጋው ሌላ ተደወለ። ቀጥሎም ሌላ። ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ የለጠፈችውን አጠፋች፣ ግን ፎቶውን ሰው ቀድቶ ለሰው ልኮታል። "ተሳስቼ ነው፣ ካሜራው የራሱ ነው፣ ይቅርታ" ብላ ብትጽፍ "አስገድዷት ነው"፣ "ተሸማግለው ነው" የሚል መልስ ጎረፈባት። እሷ ራሷ ብታነበው እንደዚያው ትል እንደነበር ታውቃለች፣ ያ ነው የበለጠ ያሳፈራት።

ሦስት ቤተሰቦች ቀብዳቸውን እንዲመልስ ጠየቁ። ተለምነው ተለምነው የተስማሙት፣ ሲዋዋሉ ያዩትን ያንኑ ትልቁን ካሜራ ከሱቁ አውጥቶ አርብ ቤታቸው ድረስ እንዲያሳያቸው ነው። ያውም ያንን የለጠፈችው ሴት ራሷ መጥታ ካልተናገረች አናምንም ብለዋል። ይህን የመጨረሻውን ትሪፖድ አልነገራትም። የነገረቻት እህቷ ናት፣ በሹክሹክታ፣ ሳህን እያጠበች።

ትሪፖድማ ትንሿን ካሜራ ከነቦርሳዋ ዘረጋላት። "ይቺን ይዘሽ ወደ አውቶቡሱ ሂጂ። ጨለም ይላል፣ ግን ከምንም ይሻላል። እኔ ሰዎቹን ዞሬ እመጣለሁ።"

መርማሪዋ ቦርሳውን አየችው። ሦስት ዓመቷ እዚያ ውስጥ ነበር። ከዚያ "አብሬህ ነው የምዞረው" አለች።

አርብ ጠዋት ለአጎቷ ደወለች። "ትንሽ እንዘገያለን ጋሼ።"

"እኔ ወንበሬ ላይ ነኝ" አላት፣ ድምፁ እንደ ሕፃን ፈክቶ። "ዩኒፎርሜን ለብሻለሁ። ሸሚዙ ሆዴ ላይ አልዘጋ ብሎኝ በመርፌ ይዤዋለሁ፤ ከመሪው በታች ስለሆነ አይታይም አይደል?"

"አይታይም ጋሼ። እንመጣለን፣ ይጠብቁን።"

የመጀመሪያው ቤት ቶሎ አለቀ። አባትየው ካሜራውን በእጃቸው መዘን መዘን አድርገው፣ "ከባድ ነው፣ እሱ ነው" አሉና ለቀቋቸው። ሁለተኛው ቤት ግን የሙሽራው ወንድም ከሥራ እስኪመለስ ጠብቁ ተባሉ። እስከ ስምንት ሰዓት አንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። መርማሪዋ በየደቂቃው መስኮቱን ታያለች፣ ትሪፖድ እሷን ያያል። ሦስተኛው ቤት ከተማውን አቋርጦ ሌላው ጫፍ ነው፤ መንገዱም ተዘግቶ ነበር። ሲደርሱ አስር ሰዓት ተኩል ሆኗል።

የሙሽሪት እናት ቀይ መነጽር ያደረጉ፣ ከንፈራቸውን የገጠሙ ሴት ነበሩ። ካሜራውን አላዩትም። ያዩት እሷን ነው።

"የለጠፍሽው አንቺ ነሽ?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ።"

"መታወቂያ አለሽ?"

ሰጠቻቸው። ከፊት አዩት፣ ከኋላ አዩት፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው አዩት። መርማሪዋ ይሄን አስተያየት ታውቀዋለች፤ ዘጠኝ ዓመት ስታይ የኖረችው እንዲህ ነው። በሌላው ወገን ስትቆም ምን ያህል እንደሚያንገበግብ ግን እስከዚህች ሰዓት አታውቅም ነበር።

"ከፍሎሽ ነው የመጣሽው?"

"አይደለም እማማ። ጠርጥሬው ነበር። ያለ ምንም ምክንያት ነው የጠረጠርኩት። እሱ ምንም አላጠፋም።"

"ቆይ፣ ይሄ ነገር አልገባኝም" አሉ ሴትየዋ ወደ ትሪፖድ ዞረው። "ስምህን በከተማው ፊት አጥፍታ እንጀራህን ልታሳጣህ ነበር። ታዲያ አንተ እሷን ይዘህ ምን ያዞርሃል?"

ትሪፖድ ረጅም እግሮቹን ከጠረጴዛው ሥር እንደምንም አጥፎ ተቀምጦ ነበር። ጥያቄው ራሱ ገረመው።

"የሚስቴ እህት ናት እማማ" አለ። "የት እጥላታለሁ?"

ሴትየዋ መነጽራቸውን አወለቁና ሳቁ። ቀብዱ ይቆይ አሉ። ግን እንዲሁ አልለቀቁም፤ ሳሎናቸው በካሜራው እንዴት እንደሚታይ ካላየሁ ብለው መጋረጃ አስከፈቱ፣ ወንበር አስለወጡ፣ ልጃቸውን ለብሳ እስክትመጣ አስጠበቁ። ትሪፖድ እየቀረጸ መርማሪዋ መጋረጃውን ገልጣ ያዘችለት። ዓይኗ ግን መስኮቱ ላይ ነበር። ግድግዳው ላይ የነበረው የፀሐይ ብርሃን ወደ ጣሪያው ወጣ፣ ቀላ፣ ከዚያም ጠፋ።

ሲወጡ ደጁ ላይ ቆማ ስልኳን አወጣች። አጎቷ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳው።

"ደረሳችሁ?"

"አልደረስንም ጋሼ። ዛሬ አንደርስም። በማንም አይደለም፣ በኔ ጥፋት ነው።"

 ጠዋት የተቀመጠበት የሹፌር ወንበር ሲንቋቋ ተሰማት።

"ታዲያ ልውረድ?" አላት።

"ይውረዱ ጋሼ" አለችው።