ገብረወልድ መንገድ ላይ ነው

ስልኩ ሲጮኽ ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሹክሹክታ ተቋረጠ። ሰርካዲስ ከነጠላዋ ሥር አውጥታ ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

«እትዬ፣ ሂርና ደርሰናል» አለ የባሏ ታናሽ ወንድም ሰይፈ ሚካኤል። «መንገዱ ደህና ነው። ሳጥኑንም በደንብ አስረነዋል።»

እሺ ብላ ዘጋችው። አጠገቧ የተቀመጡት ሴቶች ወሬ ሲጠብቁ አየችና «ሂርና ደርሷል» አለቻቸው። ደርሰዋል ማለት ነበረባት። ማንም አላረማትም።

ገብረወልድ ዕድሜውን የጨረሰው ከጅቡቲ ወደ መሐል አገር የጭነት መኪና ሲነዳ ነው። በየደረሰበት ይደውል ነበር። ሂርና ሻይ ጠጣሁ፣ ጭሮ ዝናብ ይዞኛል፣ አዋሽ ልተኛ ነው። እሱ መንገድ ላይ ባለ ጊዜ የግቢው በር መወርወሪያ አይዘጋም። የሚዘጋው እሱ ነው፤ ሲገባ፣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ። ሰርካዲስ በትዳር ዘመኗ ሁሉ ያንን ብረት ነክታው አታውቅም። ሌባ ቢገባብሽስ ሲሏት፣ ባሌ መንገድ ላይ ነው ብላ ትስቅ ነበር።

ትናንት ሆስፒታል ውስጥ አረፈ። ለጥየቃ መጥቶ የሰነበተው ሰይፈ ሚካኤል አስከሬኑ በድሬዳዋ ሙቀት እንዳይበላሽ መድኃኒት አስወጋ፣ የመሸኛ ወረቀት አወጣ፣ የኋላ ወንበሮቹ የተነቀሉ ሚኒባስ ተከራየ። ወንድሜ መንዝ ሄዶ አባታችን ጎን ይቀበራል፤ ለእናታችን የገባላት ቃል ነው አላት። ሰርካዲስም እሺ አለች። ያን ሰዓት ምንም ቢሏት እሺ ትል ነበር። ጉልበቷ ከተሰበረ ወዲህ ረጅም መንገድ ስለማትችል እሷ ቀረች፣ ሚኒባሱ ፀሐይ ሳትበረታ ወጣ። እድሩም ሬሳ ለሌለበት ለቅሶ ድንኳን ጣለላት። የሚገባው ሰው ሁሉ ዐይኑ ሳጥን ይፈልጋል፣ ሲያጣው ምንጣፉን ያያል።

ጎረቤቷ ኹርሲ ታይዋን ገበያ ያለውን የልብስ ሱቋን ዘግታ ከማለዳ ጀምሮ አብራት አለች። ሻይ በፔርሙዝ አምጥታ ሰርካዲስ እንድትጠጣ ስትለምናት ቆይታ፣ ሰዉ ሳሳ ሲል ጠጋ አለቻት።

«ሰርኬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ገብሬ ስምረት ጎን ቦታ አለኝ ይል አልነበረም እንዴ? ወላሂ ለኔ በአፉ ነው የነገረኝ።»

«ለኔም ነግሮኛል» አለች ሰርካዲስ።

ስምረት አንድ ልጃቸው ነበረች። ገና ፊደል ሳትጨርስ ወባ ወሰዳት። ገብረወልድ መቃብሯን ሲያስቆፍር በግራም በቀኝም ቦታ አስተረፈ። በሙቀት ወራት ግቢ ውስጥ ምንጣፍ አንጥፈው ሲተኙ ልጅቷን መሐል ያደርጓት ነበርና፣ «እንደ ድሮው መሐላችን ትሆናለች» አለ። ከዚያ ወዲህ ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር ሄዶ የሁለቱን ቦታ አረም ይነቅላል።

ለእናቱ ደግሞ መንዝ እቀበራለሁ ብሏል። ገብረወልድ እንዲህ ነው። ሰው ፊት እምቢ የሚል አንደበት አልተሰጠውም። አንድ እሑድ ሁርሶ ላለ ሰውም ሐርላ ላለ ሰውም የሰርግ ዕቃ አመላልሳለሁ ብሎ ሁለቱንም አስቀይሟል። ውሸታም ግን አልነበረም። እሺ ሲል ከልቡ ነው፤ ችግሩ ለሁሉም ከልቡ መሆኑ ነው። እሺ ያለውን ሁሉ ይፈጽም ቢባል ሁለት ሬሳ ያስፈልገው ነበር።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አለች ኹርሲ። «ገና ሩቅ አልሄዱም፣ ደውዪና መልሻቸው አቦ። እኛ ሰው በሞተበት ነው የምንቀብረው፤ እናንተ ሬሳ ይዛችሁ አገር ታቋርጣላችሁ። ልጁ እዚህ፣ ሚስቱ እዚህ። እዚያ ማን አለው?»

ሰርካዲስ ተነሥታ ጓዳ ገባችና ደወለች። መልሰው፣ ስምረት ጎን ይቀበርልኝ አለችው።

«ባልሽ ነው፤ መልስ ካልሽኝ እመልሰዋለሁ» አለ ሰይፈ ሚካኤል። «ለእናቴ ግን አንቺ ንገሪያት። እኔ አልችልም። አዋሽ ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ።»

የአማቷን ስልክ አንድ ዘመድ አንሥቶ ለአሮጊቷ ሰጣቸው።

«ሰርካዲስ ነሽ ልጄ? ደረሱ እንዴ?»

«ገና ናቸው፣ እማማ።»

አሮጊቷ ማዳመጥ አልፈለጉም፤ የሚያወሩት ብዙ ነበራቸው። ደጁን ማንም እንዳይነካባቸው ከልክለው ራሳቸው ጠርገዋል። በአልጋቸው ላይ አዲስ አንሶላ አንጥፈዋል፤ ሳጥኑ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዱ በፊት ለትንሽ ጊዜ እዚያ ይረፍልኝ ብለው ካህናቱን ለምነዋል።

«በየመስቀሉ ዘንድሮ እመጣለሁ ይለኝ ነበር» አሉ። «ጎረቤቱ ሁሉ ሲስቅብኝ ኖረ። ዛሬ ሲመጣልኝ ያያሉ።»

በየመስቀሉ የት እንደነበረ ሰርካዲስ ታውቃለች። ይሄን እንኳን እዚሁ አብረን እንዋል ስትለው እሺ ይላት ነበር። አይመጣም የሚለው አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚቀራት፣ እሱንም ዋጠችው።

«እየመጣልዎት ነው፣ እማማ» አለች።

ከአዋሽ ሲደወል፣ ሂዱ አለችው። ኹርሲ ፊቷን አየችና የቀዘቀዘውን ሻይ ደፍታ ሌላ ቀዳችላት።

በማግስቱ ለቀስተኛው ሲገባና ሲወጣ አረፈደ። ሁሉም እግዚአብሔር ያጽናሽ ይላታል፤ ቀጥሎ የት ደረሱ ይላል። ደብረ ብርሃንን አልፈዋል ትላለች። ከዚያ ወዲያ እስከ መንደሩ ድረስ ያለው ተራራ ኔትወርክ የለውም፤ ገብረወልድም አገሩን ሲያማ ይህንኑ ይል ነበር። በሰው ተከብባ ተቀምጣ፣ የዝምተኛውን ስልክ መስታወት በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል የሚናፍቃት አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም አይደውልም።

ቀትር ላይ ከተማው በሙቀት ወደ ጥላ ሲሸሽ ድንኳኑ ባዶ ሆነ። ኹርሲ ምንጣፉ ላይ ጋደም ብላ ሸለብ አድርጓታል። ስልኩ ጮኸ።

«ቀበርነው፣ እትዬ» አለ ሰይፈ ሚካኤል። ከኋላው የሴቶች ለቅሶ ይሰማል።

«እናትህስ?»

«ሳጥኑ አልጋዋ ላይ ሳለ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። ስሙን እየጠራች ስታጫውተው ቆየች።»

«ደግ አደረጉ» አለች ሰርካዲስ፣ አመስግናውም ዘጋችው። ከዚህ በኋላ ከመንገድ የሚደውል የለም።

ጉልበቷን ይዛ ተነሣችና ለለቀስተኛ ወለል ብሎ ወደተከፈተው የግቢ በር ሄደች። ሁለቱን የቆርቆሮ መዝጊያዎች ስባ ገጠመቻቸው። ሲንቋቋ ኹርሲ ነቃች።

«ሰርኬ፣ ሰው ይመጣል እኮ።»

«ያንኳኩ።»

መወርወሪያው እጇን አያውቀውምና እምቢ አላት። በሁለት እጇ ገፋችው።