እጃችሁን አውጡ

«በሩን ከፍቶ ወጣ» አለ የሱረያ ድምፅ ከማጉያው። «እናቱ ከኋላው ቆማለች። አትጠራውም።»

ኡበይድ አዳራሹ ውስጥ ከፊት ረድፍ ተቀምጦ የእህቱን ቃላት አንድ በአንድ ያዳምጣል። ኩፍኝ ዓይኑን ከወሰደው ሃያ ዓመት ሆኖታል። እስከዛሬ ድራማ ያየው ሱረያ ጆሮው ሥር እያንሾካሾከችለት ነው። አሁን እሷ ባቲ ከተማ ልትዳር ሳምንት ቀራት። ለዚህ ነው ሐይቅ ከተማ ውስጥ ድራማ እየሠራ በዩቲዩብ የሚለቀውን ፈንታሁንን ስድስት ወር ደጅ የጠናው፤ ተዋንያኑ ዝም ሲሉ የሚሆነውን የሚናገር ድምፅ እንዲገባበት። ፈንታሁን በመጨረሻ እሺ አለ፤ አንዱን ክፍል ለሰው እናሳይ፣ ከተወደደ ይቀጥላል ብሎ። ድምፁን ሱረያ ቀረጸችው። ኡበይድ ግን ከሰው እኩል ልየው ብሎ ቀድሞ አልሰማውም።

«ልጁ ወደ ሐይቁ ይወርዳል።»

«አየነው እኮ!» አለ አንድ ጎልማሳ ከኋላ።

«ጫማውን ያወልቃል።»

«ወላሂ እኔ ደግሞ ባርኔጣውን መስሎኝ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ኡበይድም ፈገግ ለማለት ሞከረ። አጠገቡ የተቀመጠችው የሱረያ ክንድ ሲደነድን ተሰማው።

ፈንታሁን ፊልሙን አቆመው። «ይህ ድምፅ ይኑር የምትሉ፣ እጃችሁን አውጡ።»

ኡበይድ እጁን አወጣ። የልብስ ኮሽታ ለመስማት ጆሮውን ቀሰረ፤ ምንም።

«ይቅር የምትሉስ?»

ኮሽታው ከየረድፉ መጣ። ሱረያ አሁንም ከፍ ብሎ የቀረውን እጁን ቀስ አድርጋ አወረደችለት።

ፈንታሁን ቀርቦ ትከሻውን ያዘው። ክፉ ሰው አልነበረም። «ምን ላርግ ኡበይድ ወንድሜ? ሰው ካልወደደው? ድምፁ ያለበትን ለብቻ ብለቀው ደግሞ ተመልካቼ ለሁለት ይከፈላል።»

«እዚህ ከእኔ ሌላ ዓይነ ስውር አለ?»

«የለም» አለ ፈንታሁን።

«ታዲያ ማንን ጠየቅክ?»

«አብሽር፤ ሌላ ጊዜ እናስብበታለን።»

ፊልሙ ያለ ሱረያ ድምፅ ቀጠለ። ውሃ ተንቦጫረቀ። ከዚያ ነፋስ፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ። ድንገት አዳራሹ በአንድ ትንፋሽ «ውይ!» አለ። አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች፤ ያ ቀልደኛው ሰውዬ እንኳ አፍንጫውን ሲስብ ተሰማ።

«ምን ሆነ?» አለ ኡበይድ።

ሱረያ ወደ ጆሮው ተጠጋች። «ልጁ…»

«እሽሽ! ዝም በሉ እንጂ!» አሉ ከኋላ፣ እንባ በተናነቀው ድምፅ።

ትንፋሿ ጆሮው ላይ እንደሞቀ ቆየ። ቃል ግን አልመጣም።