የመንገድ መሪዎች በዓል

ፈንታነሽ ማኅበር የሚባል ነገር አትወድም ነበር። የጽዋውን ማኅበር ማለቴ አይደለም፤ እሱስ የማርያም ነው። የጠላችው ባሏ ሙላቴ የገባበትን፣ ጥልያን ደብረ ታቦር ላይ ያቋቋመውን የመንገድ መሪዎች ማኅበር ነው። ከጋይንት እስከ ደራ፣ አገር የሚያውቅ ሰው ሁሉ ወዶም ሳይወድም ተመዘገበበት፤ ከማኅበሩ ውጭ ያለ ሰው የሠራዊቱን ስንቅ የጫነ የበቅሎ ቅፍለት እንዳይመራ ተከለከለ። ሙላቴ ከደመወዙ ለማኅበሩ ይቆረጥበታል። ማኅበሩ በምላሹ ምን እንደሚያደርግለት በጠየቀችው ቁጥር ግን ጉሮሮውን ይጠራርጋል። አለቃው አያ ወልደሚካኤል ጥልያን የሰጣቸውን ካፖርት ለብሰው ገበያ መሐል ሲንጎራደዱ ይታያሉ። ፈንታነሽ ታዲያ ማኅበሩ ማለት ይኸው ካፖርቱ ነው ትል ነበር፣ ያውም ጮክ ብላ።

ሐምሌ ገባና ርብ ሞላ። ሙላቴ ከይፋግ ዱቄት የጫነ ቅፍለት እየመራ ሲመጣ ወንዙ ዳር ቆመና ውኃው እስኪጎድል እዚሁ እንደር አለ። አብሮት የነበረው ጥልያን መቶ አለቃ አልሰማውም፤ ሽጉጥ መዝዞ በቅሎዎቹን አስገባቸው። ርብ ክረምት ላይ ቀልድ አያውቅም፤ በቅሎውንም ዱቄቱንም ጠራርጎ ወደ ጣና ወሰደው። መቶ አለቃው ጥፋቱን በራሱ ላይ ሊያደርግ ነው እንዴ? መሪው ከሽፍታ ጋር ተማክሮ አሰመጠን ብሎ የደብረ ታቦርን ምሽግ ለሚያዝዘው ካፒቴን ነገረ። ሙላቴ ታሰረ፤ ስንቅ ለማምጣት ከሚወርደው ቅፍለት ጋር በእግር ብረት ጎንደር እንዲሄድ ተወሰነበት። ያን ጊዜ በእግር ብረት ጎንደር የወረደ ሰው፣ ቤተሰቡ ተዝካሩን ያስባል እንጂ መመለሻውን አይጠብቅም።

ፈንታነሽ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ አያ ወልደሚካኤል ቤት ሄደች። ተቀመጪ ቢሏት እምቢ አለች።

«አንቱ፣ ሙላቴ እናንተን ብሎ ስንት ክረምት ጭቃ ረገጠ። ማኅበሩ ዛሬ ካልደረሰለት መቼ ሊደርስለት ነው? ለተዝካሩ ልትመጡ ነው?»

ሽማግሌው እሳቱን ቆሰቆሱ። ካፒቴኑ ዘንድ ሄደው እግሩ ላይ ወድቀው እንደነበር፣ በርግጫ እንዳስወጣቸው ነገሯት። ከዚያ ነገ ገብርኤል ነው፣ አንቺ ጸልዪ አሏት። ፈንታነሽ ይህን እንደ መሸኛ ቆጠረችው። እሳቸውንም ካፖርታቸውንም እየረገመች፣ እያለቀሰች ቤቷ ገባች።

በማግሥቱ ቅፍለቱ ተሰናድቶ ምሽጉ በር ላይ ቆመ፤ እግር ብረት የገባበት ሙላቴም ከኋላ ተጎልቷል። መሪ ግን የለም። አስተርጓሚው ደሳለኝ ሲፈልግ ሲያስፈልግ መሪዎቹን ሁሉ ነጭ ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አገኛቸው። በዓላችን ነው አሉት። ካፒቴኑ በዐቢይ ጾም ሰሞን የካህናቱን ልብ ላገኝ ብሎ ማንም ሰው በበዓሉ ቀን ሥራ እንዳይገደድ በነጋሪት አስነግሮ ነበር። አዋጁን ገበያተኛው ሁሉ ሰምቶታል። በገዛ ቃሉ ታሰረና ጥርሱን ነክሶ ጉዞውን ለነገ አሳደረው።

በነጋውም በዓል ሆነ። ከዚያ ማርያም መጣች፤ ቀጥሎ ዑራኤል።

ካፒቴኑ መምሬ ገብረሥላሴን አስጠርቶ ይህ ሁሉ በዓል እውነት ነው ወይ አላቸው። መምሬ ውሸት የማይሆንላቸው ሰው ናቸው፤ ያን ለትም አልዋሹም። ስንክሳሩ ቅዱስ የማይታሰብበት ቀን የለውም አሉ። ገበሬው ከሁሉም ቀን ሥራ ቢፈታ ልጆቹ ጦም እንደሚያድሩ፣ ስለዚህም ዋና ዋናዎቹን ብቻ አጥብቆ እንደሚያከብር ያውቃሉ፤ እሱን ግን አልተጠየቁምና አልተናገሩም።

የምሽጉ ዱቄት ተመናመነ። ካፒቴኑ ወታደሮቹን ያለ መሪ ቢልካቸው ከከተማው ብዙም ሳይርቁ በቅሎዎቹ እስከ ሆዳቸው ማጥ ውስጥ ገቡ፤ ሰዎቹም ጭቃ ለብሰው ተመለሱ። መሪዎቹን ይግደላቸው እንዳይባል፣ መሪ ገድሎ መንገድ አይገኝም። ፈንታነሽ ነገሩ የገባት ያን ቀን ነው። ቤቷ ገብታ በሯን ዘግታ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ልቅሶ ዞረ።

በጊዮርጊስ ዕለት ካፒቴኑ ከመሪዎቹ አንዱን፣ የሐሙሲቱን ታደሰን አስጠራው። ታደሰና ሙላቴ በግጦሽ መሬት ተጣልተው ሰላምታ እንኳ ከተቋረጡ ቆይተዋል፤ ይህን ደግሞ አንድ ነገረኛ ለካፒቴኑ ነግሮታል። ቅፍለቱን ከመራህ በወልደሚካኤል ቦታ እሾምሃለሁ፣ በቅሎም እሰጥሃለሁ አለው። ሕዝቡ ተሰብስቦ ያያል። ፈንታነሽም ከመሐላቸው አለች።

ታደሰ ራሱን አከከ። «ጌታዬ፣ የኔስ በዓል ተክለ ሃይማኖት ነው፤ ነገ ነው።»

ፈንታነሽ ዐይኗን ጨፈነች።

«የዛሬው ጊዮርጊስ የአማቴ ነው» አለ ታደሰ። «እርስዎ ቢበዛ ይገድሉኛል። አማቴ ግን በሕይወት ነው የሚያኖሩኝ።»

ደሳለኝ ይህን እንዴት አድርጎ እንደተረጎመው አይታወቅም፤ ሕዝቡ ግን ሳቀ፤ የጥልያን ጠመንጃ የያዙት ያገር ልጆች ሳይቀሩ ሳቁ።

የመጨረሻው ጆንያ ሲራገፍ ካፒቴኑ አያ ወልደሚካኤልን አስጠራ። ደሳለኝ አስቀድሞ ሙላቴ ካልተፈታ በዓሉ እንደማያልቅ በጆሮው ነግሮታል። ሽማግሌው በዚህ ጊዜ እግሩ ላይ አልወደቁም።

«እኛ መሪዎች ነን» አሉ። «ወንዙ ሞልቷል ብሎ የተናገረ ሰው የሚታሰር ከሆነ፣ ከእንግዲህ ወንዝ ሲሞላ የሚነግርዎ አያገኙም። ሙላቴን ይፍቱት፤ ጉድለት ከተገኘበት ሁላችንንም ይሰሩን።»

ካፒቴኑ ባዶውን መጋዘን አየ፤ የሚዘንበውን ዝናብ አየ። ከዚያ የእግር ብረቱን ቁልፍ አምጡ አለ።

ሙላቴ የወጣው በመድኃኔ ዓለም ዕለት ነው። እግሩ አብጧል፤ ጢሙ አድጓል፤ ግን በራሱ እግር ነው የወጣው። ሴቶቹ እልልታውን ሲያቀልጡት በረኛው ዝም በሉ ለማለት እንኳ አልደፈረም። ፈንታነሽ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ማፈር ቀረና በሰው ፊት ጉንጩን ሳመችው። ደስታዋ ልክ አልነበረውም።

ሙላቴ እስር ቤት ሆኖ ምንም አልሰማም ነበርና ማን እንዳስፈታው ጠየቀ። መምሬ ገብረሥላሴ ቀኑ መድኃኔ ዓለም አይደል፣ ሌላ ማን አሉት።

«እሱማ ሁልጊዜም አለ፣ መምሬ» አለች ፈንታነሽ አማትባ። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። በሩ ፊት ዝናብ ላይ የቆሙትን መሪዎች አንድ በአንድ በጣቷ እያሳየችው ስማቸውን ጠራችለት፤ የታደሰን ሁለት ጊዜ ጠራችው።