በብልቃጡ ላይ የተጨመረው ውሃ

የቦርሳዋ ጥግ መርጠቡን ያየችው ከአውቶቡስ ወርዳ የላብራቶሪው ደጃፍ ከደረሰች በኋላ ነው። ልብስ ሰፊዋ እጇን ሰደድ አድርጋ ብልቃጡን አወጣች። ክዳኑ ተንጋዶ ነው የገጠመው፤ ፈሳሹ ሥሩ ላይ ጥቂት ብቻ ቀርቷል። ከልጇ አንገት ለምርመራ የወጣችው፣ ባቄላ የምታክለው ንፍፊት ጎኗ ከፈሳሹ ወጥቶ ብልቃጡ ሥር ተጋድማለች።

የሚሳበብበት ሰው አልነበረም። ማለዳ ከቀዶ ሐኪሙ ስትረከብ "እንዳይከፈት" ብሏታል። አውቶቡሱ ውስጥ ግን ክፉ ክፉው ታያት፤ ባዶውን ሰጥተውኝ ቢሆንስ? ከፍታ አየችና ዘጋችው። የዘጋችው መስሏት ነበር።

ገብቶ መናገር አቃታት። "ተበላሽቷል፣ አንገቷ እንደገና ይቀደድ" ቢሏትስ? ከሚደርቅ ብላ የምትጠጣውን የላስቲክ ውሃ እስከ አፉ ሞላችበት፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና አስረከበች። "ውጤቱ በአምስተኛው ቀን" አሏት።

አምስቱን ቀን ቤቱ ባዶ ነበር። ልጇ አንገቷን በፋሻ እንደታሸገች ጓደኛዋ ዘንድ ሄዳለች። "እማ፣ ከንፍፊቱ ይልቅ የሚያመኝ ያንቺ ዓይን ነው። ተኝቼ እንኳ ትንፋሼን ትቆጥሪያለሽ" ብላ ነው የወጣችው። ቁልፏንም ጠረጴዛው ላይ ረስታዋለች። እናት ምናልባት ብትመጣ እያለች በሩን ሳትቆልፍ፣ ወንበር ብቻ አስደግፋ ታድር ጀመር። ቀን ቀን አንዱን እጅጌ ሦስቴ ገልብጣ ሰፍታ ሦስቴ ፈታችው። እሷ ራሷ አሥረኛ ክፍል ሳለች "ነጭ የደም ሕዋሳት የሰውነት ወታደሮች ናቸው" ብላ ሸምድዳ ነበር። አሁን ወታደሮቹ በእሷ ውሃ ሲሰጥሙ ይታያታል። የምታወራው ሰው ግን የለም።

በአምስተኛው ቀን መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ የላብራቶሪው ሐኪም የውጤቱን ፖስታ ዘረጋላት። አልተቀበለችውም።

"ዶክተር፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልናገር። ውሃ ጨምሬበታለሁ።"

"ምን?"

"ውሃ። ፈሶብኝ። የሚጠጣ ነው፣ ንጹህ ነው።"

ሐኪሙ ሳቁን ዋጥ አደረገ። "ንጹህ መሆኑስ ደግ። እናቴ፣ ይህን በሆድዎ ይዘው ነው አምስት ቀን የከረሙት?"

"ተበላሸ?"

"ሌሊቱን በብልቃጡ ፈሳሽ፣ በፎርማሊን ውስጥ ስላደረ ሥጋው ጸንቶ ነበር። በዕለቱ ቢነግሩኝ ፈሳሹን ወዲያው እለውጥለት ነበር፤ ጠርዙ ትንሽ ተጎድቷል። መሃሉ ግን ይነበባል። ይምጡ፣ ይዩት።"

ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሳ ስታይ ሐምራዊ ነጠብጣቦች ክብ ክብ ሠርተው ሰፍረዋል።

"ሕዋሳቱ ጠላት ሲለዩ እነዚያ ክቦች ውስጥ ይባዛሉ። ንፍፊት የሚያብጠውም ለዚህ ነው። የፈራነው ካንሰር ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሥርዓት ይፈርሳል። የልጅዎ እንዳለ ነው። ሥራ በዝቶባቸው ነው እንጂ ካንሰር አላየሁም።"

"ጠርዙ ላይ ተደብቆ ቢሆንስ?"

"እናቴ! ጠርዙንም አይቻለሁ። ለክትትል በወሩ ትምጣ።"

ማታ ቤት ገብታ ለልጇ ደወለች።

"ደህና ነሽ ሆዴ። ካንሰር አይደለም።"

ልጅቷ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። እናት ሳታስበው ቆጠረችው።

"ደግሞ... ብልቃጡን ከፍቼ ፈሶብኝ፣ ውሃ ጨምሬበት ነበር።"

"እማ! ሾርባ መሰለሽ እንዴ?" ሳቀች፤ ወዲያው ሳቁን አቆመች። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"መች ቤት ነበርሽና።"



"እሑድ እመጣለሁ" አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። "እስከዚያ እዚሁ ልሰንብት።"

"እሺ። ቁልፍሽ እዚህ ነው።"

"አውቃለሁ። አንኳኳለሁ።"

ስልኩን አስቀመጠች። ገና ሁለት ሰዓት አልሞላም። ወንበሩን ከበሩ አንስታ ወደ ስፌት መኪናዋ መለሰችው። ጥቂት ቆማ ደጁን አዳመጠች፤ ኮቴ የለም። አንኳኳለሁ ካለች ታንኳኳለች። የበሩን ቁልፍ ሁለቴ አዞረችው።