ሰማያዊው መስመር

ልጄ የስልክና የኢንተርኔት ፋይበር ገመድ በየት እንደሚዘረጋ ትነድፋለች። ገመዱ በየት በየት ቢያልፍ ወጪው እንደሚቀንስ ኮምፒውተሯ ላይ ያለው ፕሮግራም ያሰላል፤ እሷ መርጣ ለኃላፊዋ ታቀርባለች። የተቀጠረችው ለሦስት ወር ሙከራ ነበር። ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው የመጀመሪያ ሙሉ ንድፏን ሰኞ እንድታቀርብ ታዘዘች። ካልተወደደላት ትሰናበታለች። እሷ ለጥ ብላ ትተኛለች፤ የምገላበጠው እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ካርታውን በትልቅ ወረቀት አትማ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። እኔ የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ ሰባት ወር ሆኖኛል፤ መምህራችን ያገኛችሁትን ሁሉ አንብቡ ብለውናል። ደብተሬን ገፋ አድርጌ ካርታውን ማንበብ ጀመርኩ።

"እማ፣ እሱ የቤት ሥራሽ አይደለም።"

"ምን አስጨነቀሽ፣ አልበላው!"

ቀዩ መስመር ዋናው ገመድ ነው። ሰማያዊው ዋናው ቢበጠስ ሥራውን የሚረከብ መጠባበቂያ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ በተለያየ መንገድ መሄድ አለባቸው አለችኝ። እኔ ጣቴን ካላስከተልኩ ማንበብ አልችልም። ቀዩን ተከትዬ ትልቁን ድልድይ ተሻገርኩ። በሰማያዊው ወፍጮ ቤቱን አልፌ ወንዙ ዳር ስደርስ ጣቴ ቆመ።

"ይኼኛው በምን ተሻገረ?"

"በእግረኛው ድልድይ ነዋ።"

"በየትኛው?"

"እማ፣ ፕሮግራሙ ያውቀዋል።"

"ጎርፉ ሲመጣ ፕሮግራምሽ የት ነበር? ክረምት ላይ ጠራርጎ ወሰደው እኮ! ክፍል የማረፍደው ለምን መሰለሽ? በትልቁ ድልድይ እየዞርኩ ነው።"

እሷ በአውቶቡስ ስለምትሄድ በዚያ በኩል ካለፈች ዘመን ሆኗታል። ጫማዋን አጥልቃ ወጣች፤ ተከተልኳት። ወንዙ ዳር ሁለት የድንጋይ ምሰሶዎች ቆመዋል። በመካከላቸው ውሃ ብቻ።

"የተሰጠን ካርታ አሮጌ ነው" አለች። ፊቷ አመድ መሰለ።

መጠባበቂያው በትልቁ ድልድይ ቢያልፍ፣ ድልድዩ በተጎዳ ቀን ሁለቱም ገመዶች አብረው ይበጠሳሉ። ሌላው መሻገሪያ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ቤት ተመልሳ በዚያ በኩል ስታሰላው ወጪው በአንድ አምስተኛ ጨመረ።

"ኃላፊዬ የሚፈልገው ርካሹን ነው።"

"ርካሹን ውሃ ወስዶታል፣ የኔ ልጅ። ያየሽውን ጻፊ" አልኳት። አፌ እንዲህ አለ እንጂ፣ ምናለ ዝም ባልኩ እያልኩ እሁድን ዋልኩ።

ሰኞ ኃላፊው ወጪውን አይቶ ተቆጣ። ከዚያ ሰው ልኮ ወንዙን አስፈተሸ። አርብ ልጄ ደብዳቤ ይዛ ገባች።

"እንቺ፣ አንቺው አንብቢው።"

ጣቴን መጀመሪያው መስመር ላይ አስቀመጥኩ። ብዙ ከሄድኩ በኋላ "በቋሚነት" የሚለው ጋ ደረስኩ። እሷ ሳቋ አመለጣት። እኔ ቀጠልኩ።

"እማ፣ በቃ እኮ! ዋናውን አነበብሽው።"

"ቆይ" አልኳት፣ "ገና ማህተሙ ጋ አልደረስኩም።"