ሠላሳ ሁለት ቁጥር

ባሌ የጥርስ ሐኪም ነው። የከተማችን ሰው ጣፋጭ ስለሚወድ ሦስት ክሊኒክ ከፍቷል። እኔ ደግሞ ከአንደኛው ክሊኒክ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ልብስ እሰፋለሁ፤ ጥርሱን ተነቅሎ ጉንጩን ይዞ የሚወርድ ሰው እግረ መንገዱን ሱሪ ያሳጥራል። እንዲህ ተደጋግፈን በሰላም ስንኖር ነው ያቺ መኪና የመጣችብን።

አንድ ፋብሪካ አዲስ የስፖርት መኪና ሊያወጣ ነው የሚል ወሬ ከስልኩ ላይ አነበበ። በቤንዚን የምትሄድ፣ በእጅ ማርሽ የምትነዳ፣ ክብደቷ አንድ ቶን የማይሞላ፣ "ለነጂው ብቻ ታስባ የተሠራች"። ከዚያ ቀን ወዲያ ባሌን አጣሁት። "ዓለም በሙሉ ወደ ባትሪ ሲግተለተል እነዚህ ሰዎች ሞተር ሠሩ። ገባሽ? ሞተር" ይለኛል፣ ሹካውን አየር ላይ ይዞ። እኔስ እሺ፣ የሚያሳዝኑኝ ታካሚዎቹ ነበሩ። አፉን ከፍቶ የተኛ ሰው "በቃህ" ማለት አይችልም። ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ሳይሰማ ከዚያ ወንበር የተነሣ በሽተኛ አልነበረም።

ትልቁ ቁም ነገር ቅለቷ ነው አለኝ። ሬዲዮ የላትም። ምንጣፍ የላትም። በሯ ከውስጥ የሚከፈተው በእጀታ ሳይሆን በጠፍር ነው። ድምፅ የሚከለክል ነገር ሁሉ ተነቅሎ ወጥቷል።

"የእኔም ቫን እኮ እንደዚያው ናት" አልኩት። ጨርቅ የማመላልስባት አሮጌ ቫኔ ሬዲዮዋ ከተሰረቀ ቆይቷል፤ ምንጣፏ በስብሶ ተጥሏል፤ በሯን የምዘጋው በገመድ ነው።

"አንቺ ጋ ተበላሽቶ ነው" አለ ቅር ብሎት። "እዚያ ታስቦበት ነው የወጣው።"

ታስቦበት ለወጣው ነገር ምን ያህል እንደከፈለ አልናገርም። ከአባቱ ሕንፃ የደረሰውን ድርሻ ሸጠ፤ በዚሁ ይብቃ። ስለ ማርሹ ሲያወራማ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። እሱ ግን ኦቶማቲክ ለምዶ ፍሪሲዮን በእግሩ ከነካ ዘመን አልፎታል። በቤታችን በየቀኑ ማርሽ የምቀይረው እኔ ብቻ ነኝ፤ የቫኔ ሁለተኛ ማርሽ ካልለመኗት አትገባም።

አንድ ቀን መኪናዋን የሚሸጥለትን ኩባንያ ሰው በስልክ እያነጋገረ ወደ ክፍሌ ገባ። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎታል፤ እንድሰማለት ፈልጓል። እኔ የደንበኛ ሱሪ እየተኮስኩ ነበር።

"የተሳፋሪው ወንበር ይኑር ወይስ ይውጣ?" አለ ሰውዬው።

"ይውጣ" አለ ባሌ፣ ለአፍታ እንኳ ሳያስብ። "ተሳፋሪ ክብደት ነው።"

ካውያውን ከሱሪው ላይ ሳላነሣው ቀረሁ። ሕመሜ ይኸው ነበር፤ መኪናዋ አይደለችም። ያኔ ልንጋባ ሰሞን ከጓደኛው በተዋሳት መኪና ይዞኝ ይዞር ነበር። መስኮቷ አይዘጋም፤ እሱም ከመንገዱ ይልቅ እኔን እያየ ነበር የሚነዳው። አሁን በአንዲት ቃል ከጎኑ አስነሣኝ፤ ከፋኝ።

ሰውዬው ቀጠለ። የነጂው ወንበር ከካርቦን ፋይበር በገላው ልክ ስለሚሠራ ልኬቱን ይፈልጉታል።

"ቀላል ነው" አለ ባሌ። "ከሠርጌ ቀን ጀምሮ የምለብሰው ሠላሳ ሁለት ቁጥር ነው። ኪሎዬም ሰባ ነው፤ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም።"

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እውነቱን ነው፣ ሱሪዎቹ በሙሉ ሠላሳ ሁለት ይላሉ። ቁጥሩን የጻፈው ፋብሪካው ነው፤ ያሰፋኋቸው ግን እኔ ነኝ። አዲስ ሱሪ በገዛ ቁጥር ሳይለብሰው የኋላ ስፌቱን ፈትቼ ኮቱ በሚሸፍነው በኩል ጨርቅ እጨምርበታለሁ፤ ቆየት ሲል ደግሞ እንደገና እለቅለታለሁ። ጠዋት ሱሪው ወገቡ ላይ ልክ ሲሆንለት ፊቱ ላይ የሚወጣውን ደስታ እወደው ነበር። "አየሽ? እንደ ልጅነቴ" ይላል። "እንደ ልጅነትህ" እላለሁ።

ስለዚህ ያን ዕለት አፌን ከፍቼ "ኧረ ተው" ማለት እችል ነበር። የተቃጠለውን የሰው ሱሪ አየሁና ዝም አልኩ።

መኪናዋ የደረሰች ቀን አማቴንም ይዘን ሄድን። የኩባንያው አዳራሽ ወለል ሲያብለጨልጭ አይተው ጫማቸውን ሊያወልቁ ሲሉ ያዝኳቸው። መኪናዋ ብርቱካናማ ናት፤ መሬት ልትነካ ትንሽ ነው የቀራት። ቆንጆ ነበረች፤ አይካድም። አማቴ ዞር ዞር ብለው አዩዋትና "እኔ የት ነው የምቀመጠው?" አሉ።

"መቀመጫ የለም እማዬ" አለ ባሌ።

"ታዲያ እኔን ለምን አመጣችሁኝ?"

ባሌ አልሰማቸውም። ኮቱን አወለቀ፣ ሰዓቱን ፈታ፣ የቤት ቁልፉን ሳይቀር ለእኔ ሰጠኝ፤ ለቅለት ነው። በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን አስገባ፣ ጎንበስ አለ፣ ቁጭ ሊል ሞከረ። ወንበሩ ዳሌውን እስከ ግማሽ ተቀበለና እምቢ አለ። ካርቦን ፋይበር ይሉኝታ የለውም፣ እንደ ጨርቅ ለቀቅ አይልም።

የኩባንያው ሰው በትሕትና ጠጋ ብሎ "እስቲ አየር ያስወጡ" አለው።

አስወጣ። ትንሽ ወረደ። ከዚያ በኋላ ወደ ታችም ወደ ላይም አልሆነ፤ እግሩ መኪናዋ ውስጥ፣ ጭንቅላቱ ውጭ፣ ተሰንቅሮ ቀረ። አንድ ክንዱን እኔ፣ አንዱን የኩባንያው ሰው ይዘን ጎተትነው። አማቴ ከኋላ "ቀስ በሉ፣ የሰው ልጅ ነው" ይላሉ። ብድግ ሲል የሱሪው የኋላ ስፌት ተተረተረ፤ በሰማያዊው ሱሪ መሀል የጨመርኩት ጥቁር ጨርቅ ፍጥጥ ብሎ ታየ።

"ተሳስተዋል" አለ ባሌ ላቡን እየጠረገ። "እኔ ሠላሳ ሁለት ነኝ።"

የኩባንያው ሰው የገዛ ጫማውን ማየት ጀመረ።

"ሱሪው ነው ሠላሳ ሁለት" አልኩት። "አንተ አይደለህም። ሳሰፋልህ የኖርኩት እኔ ነኝ።"

እጁን ወደ ኋላ ልኮ የተተረተረውን ዳሰሰ፤ ጨርቁን በጣቱ አገኘው። ፊቱ እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ አንጀቴን በላው።

"ልኬቱን ስናገር አጠገቤ ነበርሽ" አለ ቀስ ብሎ። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"ተሳፋሪ ክብደት ነው ስትልም አጠገብህ ነበርኩ።"

ይጮኽብኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ኮቱን ተቀብሎኝ ወገቡ ላይ አሰረው። "ግቢ" አለኝ። "አንቺን ትችልሻለች። ድምፁን እንኳ ልስማው።"

ገባሁ። ወንበሩ ጭራሽ ትንሽ ሰፋኝ። ከአዳራሹ ጀርባ ባዶ የመሞከሪያ መንገድ አለ፤ ቁልፉን ስነካ ሞተሩ ከጀርባዬ ተነሣና ድምፁ አጥንቴ ውስጥ ገባ። አልዋሽም፣ ወደድኳት። ማርሹ ሳይለመን ይገባል። መሪው የመንገዱን እያንዳንዱን ጠጠር ለእጄ ይናገራል። በመጀመሪያው ኩርባ ሳቅሁ፣ በሁለተኛው ጮኽኩ። ይሄ ባሌ ለካ እውነቱን ኖሯል፤ እኔ ነኝ ያላመንኩት። በሦስተኛው ኩርባ "አየህ?" ልለው ወደ ቀኜ ዞርኩ።

ባዶ ወለል ነው። አራት የቡሎን ቀዳዳ ብቻ። ደስታዬን የምነግረው ሰው አጥቼ ተናደድኩ፤ እግሬን ከነዳጁ ላይ አነሣሁና ተመለስኩ።

ባሌ መንገዱ ዳር ቆሟል፤ ዓይኑ ቀልቷል። "ሦስተኛ ማርሹን ዘግይተሽ አስገባሽ" አለኝ። "ሁሉንም ሰማሁት። እንዴት ናት?"

"የተሳፋሪውን ወንበር ይመልሱልን" አልኩት። "እኔ ልንዳ፣ አንተ ከጎኔ ሁን።"

"አሥራ አንድ ኪሎ ይጨምራል እኮ" አለ፣ ከልማዱ።

"ወንበሩ ብቻ?" አሉ አማቴ።

የኩባንያው ሰው ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ ይቻላል፣ ነገር ግን ያኛውም ወንበር በልክ ስለሚሠራ ልኬት እንደሚያስፈልግ ነገረን። ባሌ ሊመልስለት አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው፣ ወደ እኔ ዞረ።

"አንቺ ለኪኝ" አለ።

ከቦርሳዬ ሜትሬን አወጣሁ። እጆቹን ዘርግቶ በሰው ሁሉ ፊት ቆመልኝ። ሜትሩን ሳዞርበት እንደ ሁልጊዜው ሆዱን ወደ ውስጥ ሳበ።

"ልቀቀው" አልኩት።

ለቀቀው። ቁጥሩን ጮክ ብዬ ተናገርኩ።